የአንድ ጠዋት በረዶ

ሐሙስ ማታ ነው። አራዳ ላይ የሱቅ ቆርቆሮ ሲዘጋ
ከአዘዞ በባጃጅ መጣ እንግዳዬ፤
ከባጃጁ ግራና ቀኝ እንደ በሬ ቀንድ ወጥተው
ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች።
«የአልጋ ስፖንዳ ነው?» አለኝ ልጁ ሒሳብ ሲቀበል።
«አይደለም፣ እግር ነው።»
ሳላስበው አመለጠኝ።

ነግሬው ነበር፣ ሦስት ጊዜ ጽፌ፣
አልደበቅሁትም፤
የእኛ በረዶ ጣራ ደብድቦ፣ ገብስ አስተኝቶ፣
በእፍኝ ተዝቆ የሚያልቅ ነው።
ውርጭ አለ፣ ድንኳን ላይ የሚያድር፤
አመዳይ አለ፣ የጓሳ ሣር የሚያሸብት፤
ቁር አለ፣ ስም እንጂ መልክ የሌለው።
አንተ የምትለው፣ ያ ጉልበት የሚውጠው፣
እሱን በአፋችን ለይተን አልጠራነውም።
ቢገኝ ብዋሂት ትከሻ ላይ ነው፣
ቢገኝ ለአንድ ጠዋት፤
ፀሐይ ስትመጣ
እንደ ባለዕዳ በጓሮ ይወጣል።

«አንድ ጠዋት ይበቃኛል» ብሎ መለሰልኝ።
ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም።

አርብ በማለዳ ሸራ ዘርግቼ ቆጠርኩ፤
ተሳሳትኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ።
ድንኳን ሁለት፣ ካስማ ሃያ አራት
(አንዱ የጣራ ሚስማር ነው)፣
ቡታጋዝ፣ መኮሮኒ፣ በሶ፣
ክብሪት፣ በፌስታል ላይ ፌስታል ተጠቅልሎ፣
የከፍታ ራስ ምታት ክኒን፣
ክኒን ለማያምነው ለሽባባው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት።

ሽባባው ከደባርቅ ደወለ፣ የበቅሎዋ ባለቤት።
«ርዝመቱስ?»
«አንድ ሰው ከነባርኔጣው።»
«ክብደቱስ?»
«ሕፃን ያህላል።»
«ታዲያ ሕፃን በአንቀልባ ይታዘላል እንጂ
በመጫኛ ማን ይጠፍራል?»

እውነቱን ነው።
ጣውላዎቹን ይዘን ቅዳሜ ገበያ ወረድን፣
ጋሽ ጎባው ዘንድ፣ ኮርቻና ቦርሳ የሚሰፋው።
ለካ፣ ሣቀ፣ እንደገና ለካ፤
የአሮጌ ሶፋ ቆዳ ከመደርደሪያ ሳበ።
እንግዳዬ ከሻንጣው ሌላ ነገር አወጣ፤
ሁለት ቀጫጭን ጠጉራም ጨርቅ፣
ዳገት ሲሆን ከጣውላው ሥር የሚለጠፍ።
ጋሽ ጎባው ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።
ወደዚያ ሲሄድ ሐር ነው፣
ወደዚህ ሲመለስ ይቆማል፣ ይነክሳል።
«ወደፊት ያስኬዳል፣ ወደኋላ አይለቅም፤
ይህን በሃያ ዓመቴ ማን በሰጠኝ!
ጫማዬ ሥር እሰፋው ነበር።»
ምን ትቶ እንደተመለሰ አልጠየቅነውም።
መርፌውን ሰም ቀባ።

እኔም ዝም አልኩ።
እንግዳ የጠፋ ዓመት፣ ይህንኑ ድንኳን
ልሸጠው ደጅ አውጥቼ፣
ዋጋ ሲጠይቁኝ ሰማይ ሰቅዬ፣
ማታ መልሼ ያስገባሁት ትዝ አለኝ።

አመሻሽ ላይ ሕጌን ነገርኩት፦
ስቆም ትቆማለህ።
ጉም ከወረደ ክርክር የለም፣ እንመለሳለን።
ራሴን አመመኝ ማለት ነውር አይደለም፣
መደበቅ ነው ነውሩ።
ሳልጨርስ ራሱን ነቀነቀ፣
ተራራ የቀጣው ሰው አነቃነቅ ነው፣ አውቀዋለሁ።
ከዚያ ከሳሙና የማትበልጥ መሣሪያ አንገቴ ላይ አንጠለጠለ፤
ናዳ ቢውጥሽ «እዚህ ነኝ» ትላለች አለኝ።
«ብዋሂት ሰው የሚቀብር በረዶ የለውም።»
«ልበሻት።»
ሁለት ነው ያመጣው።
የሁለተኛዋ ማንገቻ ያረጀ ነው፣
በሌላ አንገት ልክ ተቋጥሯል።
ለበስኳት።

ሌሊት ልጄ አልመዘን ብርሃኗን አየች፣
ብልጭ፣ ጥፍት።
«ምንድን ናት?»
«የት እንዳለሁ የምትናገር።»
«ለማን?»
ተኚ አልኳት።

ጣውላዎቹ በአዲስ አንቀልባቸው
ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።
ሽባባው ጽፏል፤ ደባርቅ ከመሸ ጀምሮ ይዘንባል፣
ከላይ ምን እንደሚጥል ግን
አይታይም።