ቀሪ

ወሩ በገባ በሃያ አምስት
የደመወዝ ሰነድ እሠራለሁ፤
የሁለት መቶ አሥር ሰው ስም
ከላይ እስከ ታች እደረድራለሁ።
እኛ እዚህ ስንዴ ስንፈጭ
በመስኮቴ የሚታየው የአዳማ ጋራ
ነፋስ ይፈጫል ቀንና ሌት
ነጫጭ ክንፉን እያዞረ በተራ።

ተራ ቁጥር ዘጠና ሦስት፣
ፍሮምሳ በዳዳ፣ ሒሳብ ክፍል፤
ከስሜ ጎን ኦቦ ደቻሳ
በቀይ ስክሪብቶ «ቀሪ» ብሏል።
ቀሪ። ቀሪ። ቀሪ። ደግሞ ቀሪ።
አሥራ አንድ ቀን። የግንቦት።
ቆጠርኩት በጣቴ፣ እንደ ሌላ ሰው፣
እንደማላውቀው ሰው፣ ሳላዝንለት።

መጋቢት ላይ ግን ሌላ ነበርኩ፤
እንቅልፍ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤
የሦስት ዓመቱ ውዝፍ መዝገብ
በአራት ሌሊት ተዘጋ፣ ነጎደ።
ቁጥሮቹ ያወሩኝ ነበር። እውነት።
አርባ ገጽ እቅድ ጻፍኩ፤
መኮሮኒያችን ጅቡቲ ሲደርስ
ለተሸካሚዎቹ ጭማሪ ማልኩ።
ፍራንኮ ላይ ለማላውቃቸው ሰዎች
ቁርጥ አዘዝኩ፣ ጠረጴዛ ገጥሜ፤
የእህቴ የለሊሴ እቁብ ነበር።
ኋላ ነው የገባኝ ያኔም መታመሜ።

ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ አድርጎ
«እንዳንተ አምስት ቢኖረኝ» አለ።
የምስጋና ደብዳቤ፣ ባለ ማኅተም፣
በፍሬም ሆኖ ግድግዳዬ ላይ ተሰቀለ።

ከዚያ ግንቦት። ምን ልበላችሁ።
ከአልጋዬ እስከ በሩ ስድስት እርምጃ፤
ጫማዬ አፉን ከፍቶ ያየኛል፤
ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ዝም ይላል፤
ውጪ ባጃጅ አለ፣ ለሌላው መሄጃ።
የሰው ደመወዝ የሚሠራው ሰው
ሁለትና ሁለት መደመር አቃተው።

ሌላ ደብዳቤ መጣ፦ ማስጠንቀቂያ።
ያው ማኅተም፣ ያው ፊርማ፣ ያው ወረቀት፤
ሁለቱም የተጻፉት ለአንድ ሰው መሆኑን
አንድም ያየ የለም ከመዝገብ ቤት።

ሐኪሟ «ባይፖላር» አለችኝ
በለሆሳስ፣ መነጽሯን አውልቃ፤
ቃሉን ይዤ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ፤
«ስንፍናም የፈረንጅ ስም ወጣለት፣ በቃ?»

አሁን ኪኒኔን በሰዓቱ እውጣለሁ፤
ውሃ ይጠማኛል፣ እጄ ይርዳል፤
ሰባት ብዬ የጻፍኩት ቁጥር
ለሚያየው ሰው አንድ ይመስላል።
ስለዚህ ሁለቴ እደምራለሁ፣ ሦስቴም።
ቀስ ነው። ማንም አያጨበጭብልኝም።
አንድ ጠዋት ዘግይቼ ደረስኩ፤
ኦቦ ደቻሳ ሰዓቱን አየ፣
ቀዩን ስክሪብቶ ኪሱ ከተተና
«ሴኒ፣ ሴኒ» አለኝ፣ ከበሩ ዞር እያለ።

ዛሬ ከጋራው ክንፎች አንዱ ቆሟል።
ነፋስ ሲበረታ ራሱን ይይዛል አሉ፣ እንዳይሰበር።
ማንም ማስጠንቀቂያ አልጻፈለትም፤
ሁለት ሰዎች፣ ከሩቅ ጉንዳን የሚያክሉ፣
ከላዩ ላይ መፍቻ ይዘው ነበር።

ተራ ቁጥር ዘጠና ሦስት፤
አሥራ አንዱን ቀን በቀን ዋጋ አባዛሁ፣
ከገዛ ደመወዜ በገዛ እጄ ቆረጥኩ፤
ከመስመሩ በታች፣ እንደ ወጉ፣
«ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ።
ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን አለ።
ደግሜ ደመርኩት። አልጎደለ።