ያልታዩት ስንት ናቸው

ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ፣ ሱቄ አንዲት በር ናት፣
ጠረጴዛው ከገባ፣ እኔ ከውጭ የምቀርባት።
ካሜራ እጠግናለሁ። ድሮ ግን፣ በደህናው ቀን፣
የፉርጎ ጸሐፊ ነበርሁ፣ ባቡሩ ሳይተወን።

አንድ ጠዋት የወርክሾፑ ሹም፣ ሙሴ ቫርትኬስ፣
መዝገቡ ጂቡቲ ሄዶ፣ እስኪመለስ ድረስ፣
«ከአዲሶቹ ፉርጎዎች ስንት ነው ያለን?» አለኝ።
ሐዲዱ ላይ አምስት ቆመዋል። ወጥቼ አነበብሁ፦
አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ አንድ፣ አርባ፣ ሃምሳ ስምንት፣ ስልሳ።
ትልቁን ያዝሁ፣ ስልሳን። ለአምስት ሳካፍለው አሥራ ሁለት፤
ይህ በቁጥርና በቁጥር መሃል ያለው ክፍተት ነው፣
ከመጨረሻው ወዲያም ያንኑ ያህል ጨለማ ይኖራል።
ደመርሁ። አንድ ቀነስሁ።
«ሰባ አንድ» አልሁት። ሳቀ።
መዝገቡ ሲመጣ ሰባ ሦስት።
ከዚያ ወዲያ ስሜን ትቶ «ጠንቋይ» ይለኝ ጀመር፤
አልተቆጣሁም፣ ከጠንቋይ የሚለየኝ ማካፈሌ ብቻ ነበር።

ባቡሩ ሲቆም ቁጥር ናፈቀኝ።
ከታይዋን ተራ፣ ከነጂብ መደብር፣
ከአሮጌ ሬዲዮኖች መሃል የሩሲያ ሌንስ ገዛሁ፤
ፊቱን ስጠርገው፣ በመስታወቱ ዙሪያ፣ በቀለበቱ ላይ፣
እንደ ጉንዳን ሰልፍ ሰባት አሃዝ።

ሌንስ የያዘ ሰው ሁሉ ዘመዴ ሆነ።
ሐረር ወጣሁ በፔጆ፤ ሸዋ በር ያለው የጉርድ ፎቶ አንሺ
ሁለት አሳየኝ፣ ቀድቼ ወረድሁ።
ከጡረተኛ አየር ወለድ አንድ፣ ከሰርግ ቪዲዮ ቤት ሦስት፣
ከጫት ነጋዴ፣ በዕዳ ከያዘው፣ አንድ።
«ምን ያደርግልሃል?» ይላሉ። እኔ እጽፋለሁ።
አርባ ሞሉ። ትልቁ ስምንት ሚሊዮን
ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ።
ለአርባ አካፈልሁ፣ ደመርሁ፣ አንድ ቀነስሁ፦
ዘጠኝ ሚሊዮን! ከአንድ ፋብሪካ!
ያን ማታ ከዚራን ስሻገር
ባጃጁ ሁሉ ለእኔ ጥሩንባ የሚነፋ መሰለኝ።

ሦስት ዓመት በዘጠኝ ሚሊዮን ኖርሁ።

ከዚያ መቶ አለቃ ደሜ፣ ኦዴሳ የተማረው፣
የመነጽሩን እጀታ ሊያስበይድ መጥቶ፣ ደብተሬን ገለጠና
«የፊተኞቹ ሁለቱኮ ዓመት ናቸው!» አለ፣
«ሰባ ሰባት፣ ሰማንያ አንድ፣ ሰማንያ ስምንት፤ በፈረንጅ።»
ዘጠኝ ሚሊዮኔ፣ ቀትር ላይ ደጅ እንደረሱት በረዶ፣ ውሃ ሆነ።
አንዱ ክምር አሥራ አንድ ትንንሽ ክምር፤
ለሰማንያ ስምንት ስድስት ደረሰው፣
ለሰባ ሰባት አንድ ብቻ።

ምስክር አንድ ሲሆን ስሌቱ ምን ይላል?
ቃሉን እጥፍ አድርግ፣ አንድ ቀንስ።
ከዚያ በላይ አያውቅም።
ሰባ ሰባት ቢሉትም፣ በእኛ ስልሳ ዘጠኝ ነው፤
እነሱ እዚያ መስታወት ሲሞርዱ፣
እኛ ከወርክሾፑ ግንብ ሥር በደረታችን ተኝተን
መድፍ እንቆጥር ነበር። በድምፅ።

ባለፈው ሰኔ ኢፍቱ መጣች፣ የዩያ ልጅ፣
መጋላ ፎቶ ቤት የነበረው፣ ደቻቱ በሌሊት የወሰደው።
ጨርቅ ፈታች። «ከጭቃው የተገኘው ይህ ብቻ ነው።»
አሸዋው ቀለበቱን ልሶታል፤
የተረፉት ሦስት፣ ዜሮ፣ ሰባት።
«ስንተኛው ነው?» አለችኝ።
ስለ ሌንሱ መስሎኝ አፌን ከፈትሁ፤
ዓይኗን አየሁና ዘጋሁት።
ዩያ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሻጋታውን ጠረግሁ፣ ጥርሱን ቀባሁ፣
በአዲሱ ካሜራዋ አፍ ላይ እንዲገጥም ቀለበት ሞረድሁለት።
ደብተሬ ላይ፣ አርባ አንደኛው መስመር፣
አራት ሰረዝ፣ ከዚያ ሦስት፣ ዜሮ፣ ሰባት።
ድምሩ ውስጥ አላስገባሁትም። ከደብተሩም አላወጣሁትም።

«ቁም እዚያ» አለችኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ የለም።
ፎቶው ይኸው፦ ከኋላዬ የኒሙ ቅጠል ሁሉ
እንደዚያ ሌሊት ውሃ ይሽከረከራል፤
መሃል ላይ እኔ፣ ጥርት ብዬ፣ እርሳሴ ጆሮዬ ላይ፣
ቀንሼ ያስቀመጥሁትን አንድ
የት እንዳኖርሁት የጠፋኝ ይመስል
ወደ ጎን እያየሁ።