ከመጀመሪያው

ቫዲም ከአራተኛ ፎቅ «ሦስት መቶ ሃምሳ» አለኝ፤
«ሁለት መቶ» አልኩት፤ ሳቀና ፕሮጀክተሩን አብርቶ አሳየኝ።
ከጥጉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለበት፣ የሽምብራ ያህል፤
«ይኼስ?» ብለው፣ «ፀሐይ ናት፤ በነጻ ትታከል!»
በሁለት መቶ ሰማንያ ተሸክሜው ወረድኩ፣
በአራቱም ፎቅ ደረጃ፣ እንደ አራስ ልጅ እየተጠነቀቅኩ።

አንዱን ስፒከር ያገኘሁት ከቆሻሻው ገንዳ አጠገብ ነው፤
ሰው ቤት ሲለቅ የሚጥለው ለሌላው ቤት ማቆሚያው ነው።
ሁለተኛው የአጎቴ ልጅ የስጦታው ነበር፣ ከመኪናው የነቀለው፣
ጎርናና ድምፅ ሲደርስበት እንደ በራድ ክዳን የሚያርገፈግፈው።
ሽቦው ሰባት ሜትር፣ ከረቡዕ ገበያ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሼክል፤
መሰላል ከቫዲም፤ ምክር ከሰፈሩ በሙሉ፣ ሳልጠይቅ ይጎርፋል።

ክፍል መምረጥ አልከበደም፤ ያለን አንድ ነው ጨለማ፣
ማማዱ፤ ግንቡ ወፍራም፣ መስኮቱ ብረት፣ የጎረቤት ጠብ የማይሰማ።
ለሌላ ቀን የተሠራ ነው፤ ሳይረን ሲጮህ በሩጫ የምንገባበት፣
ውሃ፣ ባትሪ፣ አራት ፍራሽ፣ የእናቴ የስፌት መኪና ያለበት።
ሲሚንቶው ያስተጋባል፤ አንዲት ቃል ሦስት ሆና ተመለሰች፤
በግድግዳው ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ እናቴ «ጎተራ አስመሰላችሁት» አለች፤
አለች እንጂ፣ ሚስማሩን ከከንፈሯ እየነቀለች ያቀበለችን እሷው ነች።

ለምን ይኼ ሁሉ? ላውራ።
አባቴ ያየህ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአሽዶድ ሲኒማ ቤት ሠራ።
ጠራጊ ነበር። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ከበሩ ጥግ ይቆማል፤
መጥረጊያ በአንድ እጁ፣ ከረጢት በአንዱ፣ መብራት እስኪበራ ይጠብቃል።
ማን እንደሞተ፣ ማን ከማን ጋር እንደታረቀ ያውቃል፤
በምን ተጣልተው እንደነበር ግን
አያውቅም።

ማታ ከእራት ላይ ያወጋን ነበር፦ «አንዲት ሴት ከዝናብ ቆማ፣
ባቡሩ ይሄዳል፤ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ጨለማ።»
«ለምን ታለቅሳለች?» ስንለው ትከሻውን ይሰብቃል፤
«እኔ ስገባ እያለቀሰች ነው ያገኘኋት፤ ሌላውን ማን ያውቃል!
የሚያስፈራ ፊልም ፈንዲሻ ይበትናል፤ የሚያሳዝን ያስተርፋል፤
ወለሉ ንጹሕ ከሆነ ሲስቁ ነበር ማለት ነው።» ያየው ይኼን ያህል።

ስሙ ያየህ ነው፤ ከፊልም ደጅ የቆመ፣ ያላየ ያየህ።
ጡረታ በወጣ ማግስት «ትኬት ልግዛልህ» ብለው፣ «ምን ነካህ!
እኔ ተቀምጬ፣ ሌላው ከእግሬ ሥር ጎንበስ ብሎ ሊጠርግ?»
አለና ወሬውን ዘጋው፤ እንደ በር ጥርቅም፣ ድርግም።

ፊልሟን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤
ስንት ሴት በስንት ባቡር አለቀሰችብኝ!

ሰንበት ወጣች። በቂርያት ጋት ሰማይ ሦስት ኮከብ ተቆጠረ፤
ወንድሜ አቪያ ከጦር ሰፈር መጥቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ሽቦ አሰረ።
አባቴን ከመሀል ፍራሽ፣ ሁለት ትራስ ከኋላው፣ አስቀመጥነው፤
ከባዱን የብረት በር፣ በሌላ ቀን ልባችን እየመታ የምንዘጋውን፣
ቀስ ብለን ገፋነው።

መብራት ጠፋ።
በአንሶላው ላይ ብርሃን ተደፋ፤
የቫዲም ፀሐይ ከጥጓ ወጣች፤
አቧራማ መንገድ፤ አንዲት ሴት፣ ሰማያዊ ኮት፣ ሻንጣ ይዛ መጣች።
አባቴ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ይኼ ምኑ ነው?» አለ።
«መጀመሪያው።»
«መጀመሪያው» አለ። ቆየና ደግሞ «መጀመሪያው» አለ፣
እንግዳ ሰው ስሙን ሲነግረው እንደሚደግም።

ሁለት ሰዓት አልተነቃነቀም፤ ስፒከሩ እየተርገፈገፈ እንኳ።
ዝናቡ ሲጀምር ቀድሞን አወቀ፤ ባቡሩ ገና ሳይነካ
ፍራሹን በመዳፉ መታ፣ «ለካ!
ለካ ለዚህ ነው ያለቀሰችው! ለካ!»

ስሞች ከታች ወደ ላይ መውጣት ሲጀምሩ መብራት አበራን።
ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤ ጎንበስ አለና በዝምታ፣ ሳያየን፣
አቪያ ያፈሰሰውን ፈንዲሻ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ይለቅም ጀመር።
«ተው እንጂ አባባ፣ እኛ እናነሣዋለን» ስንለው ነበር፤
ቀና ሳይል፣
«ተዉኝ» አለ፤ «ይኼኛውን ክፍል አውቀዋለሁ።»