ደርሰናል

ከደሴ መናኸሪያ፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
ጋሽ ሙሄ ጎማውን በእግሩ ይመታና
ሁለቴ፣ ሦስት ጊዜ ፍሬኑን ረግጦ
ከመሪው ፊት ለፊት ዝም ይላል ተቀምጦ።

እኔ ረዳቱ ነኝ፣ ድምፄ የሻከረው፣
"ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! ሁለት ሰው የቀረው!"
(አራት ሰው ነው ገና የተሳፈረው።)

ሞልቶ ስንነሳ፣ "አድርሰን በሰላም!"
"አሚን" ይላል አንዱ፣ "አሜን" ይላል ሌላም።
ጋሽ ሙሄ ግን ብቻ፣ መሪውን ዳስሶ፣
"ደርሰናል" ይል ነበር፣ ድምፁን ቀንሶ።
ገና ሳንንቀሳቀስ፣ በሩም ሳይዘጋ፣
ምስጋናው ኮምቦልቻ ደርሶ ሲያወጋ።

አንድ ቀን ጠየቅኩት፣ ሐረጎ ላይ ሳለን፣
ጉም እንደ እርጥብ ጋቢ መስታወት ሲሸፍን፦
"ጋሼ፣ ሳንደርስ ገና 'ደርሰናል' ማለት
ከእኔ 'ሁለት ቀረው' በምን ያንሳል ውሸት?"

ሳቀ። ሳቁን ውጦ ማርሹን ቀነሰ፤
ቆየና ሲመልስ ድምፁ ለሰለሰ፦

"ያንተ መንገደኛ ነው የሚያታልለው፤
የእኔ ይሄን እጄን ነው የሚያደላድለው።
ገደሉን ካየኸው መሪው ወደዚያ ያደላል፤
ዓይን የዋለበት ልብም እጅም ይውላል።
ስጋትም ዱዓ ነው፤ ጣራ ላይ አፍጥጠህ
'ብወድቅስ?' ካልክ፣ አደርክ መውደቅን ለምነህ።

አንተ ራስህ ጠዋት ከቤት ስትወጣ
ከአፍህ 'ሄድኩ' ነው ወይስ 'መጣሁ' ነው የወጣ?
ጀርባህን ሰጥተሃት፣ እግርህ ደጅ ሳለ፣
ቃልህ ተመልሶ ምድጃ ጥግ አለ።
እናትህስ መቼ 'ዋሸኸኝ' አለችህ?
ለእራት አንድ ሰሃን ትጨምራለች እንጂ
ገና ሳትመጣላት።"

ዝም አልኩ። ነገሩ ጣመኝ።
መታጠፊያው ላይ ግን፣ ብረቱ የጎበጠበት፣
የአረጋ አይሱዙ አምና የወደቀበት፣
አፌ አላስችል አለኝ።
"እሱስ?" አልኩ ቀስ ብዬ፣ "እሱ አላሰበም ወይ?
ሦስት ልጆች ነበሩት፤ 'መጣሁ' አላለም ወይ?"

ጋሽ ሙሄ አልመለሰም።
የመስታወት መጥረጊያው ብቻ
ጭረት
ጭረት
አንድ መታጠፊያ አለፍን። ሁለት። ሦስት።
ከኋላ አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ አባበለችው።

"አላውቅም" አለ ኋላ። "እሱን የሚያውቅ ያውቃል።
የወደቀን ሰው 'ሐሳብህ ጎድሎ ነው' ማለት ያሳፍራል።
አረጋ ከእኔ ይልቅ ደግ ልብ ነበረው።
እኔ የማውቀው ይሄን ነው፦
ትናንት ማታ ፍሬን ሸራ ስቀይር አምሽቻለሁ፤
'ደርሰናል' ያልኩትን በእጄም ብያለሁ።"

ጉሙ ተገፈፈ። ታች ቦርከና ታየ፣
የጨርቃ ጨርቁም ጣራ በፀሐይ ተለየ።
የሌሊት ፈረቃ የጨረሱ ሴቶች
ፀጉራቸው ላይ ጥጥ፣ እንደ ድንገት ሽበት፣
አስፋልቱን ሲያቋርጡ ቆመን አሳለፍን።
"ወራጅ አለ!" አለ አንዱ።
ከተሳፋሪው መሐል
"ደረስን" ያለ የለም። ሁሉም ሻንጣውን ፈለገ።

ዛሬ መሪው የእኔ ነው።
ቃሉን እለዋለሁ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣
ረዳቴ እንዳይስቅ።
አንዳንድ ጠዋት ግን እምቢ ይለኛል፤
ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ይቆማል።
እንዲያ ያለ ቀን ጎማውን ሁለቴ እመታለሁ፣
ፍሬኑንም አምስት ጊዜ።

ጋሽ ሙሄ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ሆጤ፣ ደጁ ላይ ነው የሚውለው፣
ፊቱን ወደ ጦሳ አዙሮ።
ባለፈው ሰኞ ልጠይቀው ሄድኩ።
ስለ ነዳጅ ሰልፍ አወራን፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም።
ስነሳ፣ እንደ ልማዴ፣ "መጣሁ" አልኩት።

በማያይ ዓይኑ ወደ በሩ ዞሮ
"አየሁህ" አለኝ።