ቁጥር አሥራ ሰባት

ደቻቱ ዛሬ ደርቋል፤ አሸዋው ላይ ፍየል ቆሟል፣
ጎርፍ የጣለውን ጎማ ፀሐይ ሲልሰው ይውላል፣
የእኔ ደብተር ግን ከጠዋት አንድ ጥያቄ ይዟል፦
ያንን ሌሊት የጻፈ ሰው፣ ካልጻፈው ይልቅ ይተኛል?

«ጥያቄሽ ይጥበብ» አሉኝ ዶክተር ነስረዲን፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ፤
«ሰፊ ጥያቄ ጎርፍ ነው፤ በሬውንም በርሜሉንም ይነዳል።
አንዲት ነገር ብቻ ለውጪ፤ ሌላው ባለበት ይቆያል፤
ያኔ ለውጥ ከመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይለያል።»

አርባ ሰው መጣ ገንደ ቆሬ፣ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ፤
አርባ ቁራጭ ወረቀት አጥፌ ጨመርኩ በብስኩት ቆርቆሮ።
ሃያው ያንን ሌሊት ይጽፋል፣ ሃያው የቤቱን ዕቃ፤
ማን የቱን እንደሚጽፍ ዕጣው ይወቅበት፣ እኔን አያገባኝም በቃ።

አንዲት ሴት ግን የሻሿን ጫፍ ነክሳ
ከበሩ ጥግ ቆማ ሳያት፣ እጄ ቆርቆሮው ውስጥ ፈዘዘ፤
«ሌሊቱ ይድረሳት» አለኝ ሆዴ።
ሆዴን ዝም አሰኘሁት። ማዘንም ማዳላት ነው፤
መርጬ ከሰጠሁ፣ የምለካው የራሴን ሐዘን ነው።
ወረቀቷ «ዕቃ» ወጣ። አሥራ ሰባት። ሄዳ ተቀመጠች።

መጀመሪያ አንዱን ቡድን ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት ላደርግ ነበር።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮ ያቀልጣል፣
የአወዳይ ጫት ሲገባ ከተማው ሌላ ከተማ ይሆናል፤
ሙቀቱንና ጫቱን ለክቼ፣ «ጽሕፈት ነው» ልል ነበር።
ሁሉም በአንድ ሰዓት ገባ። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ መስኮቱ ክፍት።

ሒርሲ ወረቀት ይሰበስባል፣ የየሰዉን እንቅልፍ ይመዘግባል፤
(እንባ አልለካም። እንባ ሰው ሲያየው ይለወጣል።)
ማን ከየትኛው ቡድን እንደሆነ አልነገርኩትም።
ተቆጥቶኛል። «አታምኚኝም?»
«ዓይንህን ነው» አልኩት፣ «አንተን አይደለም፤
ዓይን የጠበቀውን ያያል። የእኔም እንዲሁ ነው።»

በአሥራ አምስተኛው ቀን የቡድኑን ምስጢር ፈታሁ።
ሌሊቱን የጻፉት ጥቂት ደቂቃ ጨምረው ተኝተዋል።
ከዕቃዎቹ መካከል ግን አንዲት መስመር ሽቅብ ወጥታለች፦
ሁለት ሰዓት የነበረ እንቅልፍ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ።
አሥራ ሰባት።
ወረቀቷን ከክምሩ መዘዝኩ፦

«አንድ አልጋ። ሁለት በርጩማ።
የግድግዳ ሰዓት፣ ስምንት ተኩል ላይ የቆመ።
ቀድሞ የነበረ፦ ቁም ሳጥን።
ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከፍ ይበልላት ብዬ ያወጣኋት፣ ኢፍቱ።
በር። በሩ አዲስ ነው።»

ስሜት እንዳይጻፍ ተብሎ ነበር። አልጻፈችም።
ስም እንዳይጻፍ ተብሎ ነበር። የራሷን አልጻፈችም።

«ከሠንጠረዡ ትውጣ?» ስል ዶክተሩን ጠየቅኩ።
«ዕጣ ያስገባትን አንቺ አታስወጪም» አሉኝ፣
መነጽራቸውን ግን በዚያን ቀን አልወለወሉም።
አማካዩ ተሰላ። ልዩነቱ ጉልህ አይደለም።

ለሚቀጥለው ሙከራ፣ ከማነጻጸሪያው ቡድን ቅጽ ላይ
«ዕቃ» የሚለውን ሰርዤ «መንገድ» ብዬ ጻፍኩ፦
ከሳቢያን እስከ መጋላ በባጃጅ ስትሄዱ የምታዩትን ጥቀሱ።
ጥቂት ቆይቼ እሱንም ሰረዝኩት።
መንገዱ በድልድዩ ያልፋል።