የአደራው ጓጉንቸር

ከእርግብ በር ማዶ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣
አንድ ሜትር በሁለት፣ ቆርቆሮ ነው ቤቴ፤
ስክሪን እለውጣለሁ፣ ባትሪ እተካለሁ፣
የሞተ አስነሳለሁ፤ ይኸው ነው ሹመቴ።

ማክሰኞ ከሰዓት እትዬ ፈንታነሽ መጣች፣
ስልኳን ከነጠላዋ ጫፍ እንደ ገንዘብ ፈታች፤
«አደራው ከሄደ፣ መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ፣
ሁለት ወሩ» አለች።
«እስቲ ጻፍልኝ ልጄ፤ ፊደል አላውቅ እኔ፣
በምን እጄ ልጻፍ፣ ላንብብ በምን ዓይኔ?
ግን ፊት አንድ ነገር፦ መንገድ ላይ ማነው የሚያነበው?
ያኔ በሹፌር ስንልክ፣
አይከል ሳይደርስ ነበር ፖስታው የሚቀደደው።»

ምን ብዬ ላስረዳት?
መሳቢያዬን ስቤ፣ የሱቄን ጓጉንቸር እጇ ላይ አኖርሁት።
«እትዬ፣ የአደራው ስልክ እንዲህ ያለ አለው፤
አፉን እንደከፈተ ላንቺ ስልክ ሰጠው።
ጓጉንቸሩን እንጂ ቁልፉን አልላከም፣
ቁልፉ ከኪሱ ነው፣ ለንጉሥም አይሰጥም።
ቃልሽን በሣጥን ከተሽ ስትቆልፊው፣
ጠቅ ካለ በኋላ አንቺም አትከፍቺው።»

ጠቅ አደረገችው። ጎተተች። እምቢ አላት።
«እኔም እንኳ?» ብላ ሳቅ አመለጣት።

«ታዲያ በየት ያልፋል?»
«ከቀሃ ምሰሶ ወደ ሌላ ምሰሶ፣
ተራራውን ዘልሎ፣ ባሕሩን አቋርጦ፣
ስሙን የማላውቀው አገር፣ ብርድ ቤት ውስጥ፣
ቀን ከሌት የሚያጓራ ማሽን ደጃፍ ተቀምጦ
ደጅ ይጠናል፣ እንደ ጥንቱ የጎንደር ባለጉዳይ።
የአደራው ባትሪ ካለቀ፣ ኔትወርክም ከጠፋ፣
ስልኩ እስኪነቃ ድረስ እዚያው ነው ሚያንቀላፋ።
አንድ ራይት ካየሽ፣ ካንቺ እጅ ወጥቷል ማለት ነው፤
ሁለት ከሆነልሽ፣ የልጅሽ ስልክ ተቀበለው።»

«ማሽኑስ አያነብ?»
«የሣጥኑን ሆድ አያይም። ግን አልዋሽሽም፣
ከማን ቤት ለማን ቤት፣ በስንት ሰዓት፣ ስንቴ፣
ይኼን ያውቃል በረኛው።»
«እንደ ጎረቤቴ!»

ከዚያ ነገረችኝ።
አራት መስመር ነበር።
ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ አለ፣
ጠረጴዛዬ ላይ የወደቀች አንዲት ብሎን
በጣቷ እያንከባለለች።
ምን እንዳለች እዚህ አልጽፈውም።
ቁልፍ የለኝም።

ማታ ግን፣ ሱቄን ስዘጋ፣ ያው ጓጉንቸር በእጄ፣
ነገሩ ቆረቆረኝ፦
የሒሳብ ሊቃውንት ስንት ዓመት ለፍተው፣
ዓለም ቢሰበሰብ የማይሰብረው መዝጊያ ሠርተው፣
ሣጥኑ ሳይዘጋ ገና፣
ቀዳዳው እኔ ነኝ፣
ሠላሳ ብር ተቀብዬ የእናት ምሥጢር ያየሁት፤
ቤቴም ገብቶ አብሮኝ አደረ፣ እራቴን አልበላሁት።

ረቡዕ መጣች፤ «ሁለት ሆነ?» «አንድ ነው።»
ሐሙስ፣ አንድ።
ዓርብ አልጠየቀችም፤ በሩ ላይ ቆማ
ፊቴን ብቻ አይታ ተመለሰች።
ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ ስልኳ እጄ ላይ እንዳለ፣
ሁለተኛዋ ራይት ከአንደኛዋ ጎን ብቅ አለች።
ቃል አላወጣሁም። ጣቴን አስጠግቼ አሳየኋት።
ፊደል የማታውቅ ሴት፣ ያቺን ግን አነበበቻት።

ከዚያ የማይክራፎኗን ምልክት አስተማርኋት፦
«ይቺን ተጭነሽ ያዢ፣ ተናገሪ፣ ልቀቂ፤
እኔንም ከእንግዲህ ከመሃል አርቂ።»

መንገዱን ተሻግራ፣ እርግብ በር አጠገብ፣
ጀርባዋን ለእኔ፣ ፊቷን ለግንቡ ድንጋይ ሰጥታ፣
ስልኩን ከከንፈሯ አስጠጋችው።
ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
በሳቅ ይሁን በሌላ፣ አላወቅሁም።

የመበየጃዬን ማራገቢያ አስነሳሁ፣
የሚበየድ ነገር ሳይኖረኝ፣
እንዳልሰማ።