ሌላ

ሁለት ባሕር ግንባር ለግንባር ከሚላተምበት፣
ከስካገን የአሸዋ ጫፍ ላይ፣ ጣሪያው ቀይ፣ ቢጫ ቤት
የእኛ ነው። ነፋሱ በር ሳያንኳኳ ገብቶ
እንደ ሩቅ ዘመድ ይቀመጣል፣ እግሩን ዘርግቶ።

አራት ዓመት ጠበቅን።
ቶርኪል ከበረዶ ፋብሪካው ሲመለስ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ
ዓይን ዓይኔን ያያል፤ እኔም በአሉታ ራሴን ነቅነቅ።
ከዚያ ሌላ ወር። ከዚያ ደግሞ ሌላ ወር።
«ሌላ» የሚሉት ቃል
ከገበታችን የማይነሳ ሰሐን መሰለን፣ ማንም የማይቀምሰው ነገር።

ሐኪሟ ወረቀት ጻፈችልኝ፦ አምስት ክኒን፣
ከወር አበባዬ ሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን።
ነጭ ናቸው፤ ከምስር ፍሬ አይበልጡም፤
በውሃ ይዋጣሉ፤ አይመሩም፣ አይጣፍጡም።
አንዷ ከመዳፌ አምልጣ ምድጃ ሥር ገባች፤
በሆዴ ተኝቼ በሹካ ብጎትታት
አቧራ ለብሳ ወጣች።
እፍ አልኩና ዋጥኳት።
ለቶርኪል አልነገርኩትም።

አስገር የመጣው በየካቲት ወጀብ፣ መብራት በጠፋ ሌሊት።
በአራት ወሩ ከትከት ብሎ ሳቀ፤
ለእኔ አይደለም፣ ለመጥረጊያው እንጨት።
በአሥር ወሩ ዳኸ፣ እንደ ሸርጣን፣ ወደ ኋላ፤
ግድግዳ ቢያግደው ግድግዳውን ተቆጣ፣ ፊቱ እስኪቀላ።
በሁለት ዓመቱ ግን፣ የጎረቤቴ የዮርዲስ ልጅ
ቃል እንደ ዛጎል ሲለቅም ከደጅ፣
የእኔው ከንፈሩን ገጥሞ
በእሑድ እንደ ተዘጋ ሱቅ ዝም።

ያኔ ነው ሌሊት ሌሊት ሒሳቡ የጀመረኝ፤
አምስት ነጭ ነጥብ ከጣሪያው ላይ እያፈጠጠብኝ።
«ያቺ አቧራ የነካችው ትሆን?» እላለሁ።
«ወይስ አምስቱም? ወይስ አብዝቼ መመኘቴ?»
ተገላብጬ እንደገና እቆጥራለሁ።

ቪበከ መጣች፣ የጤና ነርሷ፣ በብስክሌት፣ ዝናብ ለብሳ፤
ቦት ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ካልሲዋ ተበስታ
አውራ ጣቷ ብቅ ብላለች። ቦርሳዋን ከፈተች፦
ደወል፣ ዘቢብ፣ የእንጨት ኩቦች። ወረቀቷን ዘረጋች።
«ሁለት ቃል ያገጣጥማል?» አንድም የለው።
«ሲጠሩት ይዞራል?» ሲያሻው።
«ኩብ ይደረድራል?» እንጃ። እስቲ ይሞክረው።
አንዷን ላሳት። ሁለተኛዋን አሸተታት።
ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ኮሪደሩ፣
መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፤ የራሱ ጉዳይ አለው፣ የራሱ ምሥጢሩ።

ባዶውን ሳጥን በብዕሯ ጫፍ ስትመታ
ጠየቅኋት። ያን ሁሉ ጊዜ በጉሮሮዬ የቆየውን።
«ክኒኑ ይሆን?»

ብዕሯን አስቀመጠች።
«ስንት እናት አየሁ፣» አለች፣ «ጥፋት ፍለጋ ቤቷን የምትጠርግ፤
ስታጣ ደግሞ ከጎረቤት የምትበደር።»
ሌላ አልጨመረችም። ሳጥኑ ባዶውን ቀረ።
«በሦስት ወር እመለሳለሁ» ብላ ተነሣች።
አንድ እግሯን ቦቱ ውስጥ ከተተችና
ጮኸች።

ገለበጠችው፦ አንድ ኩብ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ዘቢብም ተከተለ፣ የተላሰ፣ እርጥብ ጭንቅት።
አስገር ከበሩ ሥር ተቀምጦ በዓይኑ ሙሉ ያያል።
አላጨበጨበም። ጣቱን ወደ ቦቱ ቀሰረ።
«ሌላ።»
ጥርት አድርጎ፣ እንደ ሒሳብ ሹም።
ቪበከ ነቀነቀችው፤ ከጫፉ፣ ከጣቶቹ ማረፊያ፣
አራተኛዋ ኩብ ዱብ አለች።

ምልክቱን ልታደርግ ብዕሯን ፈለገች፤ ጠረጴዛው ላይ የለም።
ሁለታችንም ዞረን
ሁለተኛውን ቦት አየን።

ማታ ለቶርኪል ሁሉንም ነገርኩት፤ የምድጃ ሥሯን ክኒን ጭምር።
እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ፣
ቪበከ የረሳቻትን አንዲት ኩብ በጣቱ እያሽከረከረ።
ነፋሱ ገብቶ ከመሃላችን ተቀመጠ።
«ሌላ?» አለኝ ቶርኪል፣ ወደ ልጁ አልጋ ሳይሆን ወደ እኔ እያየ።
አልመለስኩለትም።
ኩቧን ከእጁ ወስጄ
ጓንቱ ውስጥ ጨመርኳት።